ሦስተኛው ስም

ቫሌሪያ ጋዜጣውን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችው። ትናንት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የልዑካን ቡድኑን አየር ማረፊያ ድረስ ሄደው ከሸኙት የመንግሥትና የፓርቲ ከፍተኛ ባለሥልጣናት መካከል ሲክሳይ ቤርታላን፣ ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ሦስተኛ ሆኖ ተጠቅሷል። ችግሩ፣ ትናንት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ባሏ ሲክሳይ ቤርታላን እዚሁ ወጥ ቤት፣ እዚሁ ወንበር ላይ፣ በካናቴራ ተቀምጦ ቦሎቄ ሲፈለፍል ነበር። የፈለፈለው ቦሎቄ አሁንም ምድጃው አጠገብ በሰማያዊ ሳህን ተቀምጧል።

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?» አለችው።

«አንቺ ፊት።»

«ጋዜጣው ግን አየር ማረፊያ ይላል።»

«ሦስት ጊዜ አነበብሽልኝ እኮ።»

«እንግዲህ እኔን እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል» አለችና መነጽሯን አወለቀች። ቀልዷን አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት የባለሥልጣን ሚስት ሆና ኖራለች፤ ዓይኗና ጋዜጣው ሲጣሉ ዓይኗን ማመን ከተወች ቆየች። «ለማንኛውም ሦስተኛ ነህ» አለች ደስ ብሏት፣ «ተጨማሪ ሥጋ ልግዛ፤ ዛሬ ሰው ይጎርፋል።»

ቫሌሪያ ያላወቀችው ነገር ነበር። ባሏ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከሥልጣኑ ተነስቷል። ዳኑብ ወንዝ ዳር ባለው ትልቁ ነጭ የፓርቲው ሕንጻ ጠርተውት፣ ጓድ ቬሬቤይ የሚባለው የካድሬዎች ጉዳይ ኃላፊ በራሱ እጅ ቡና ቀዳለት። እዚያ ቤት ኃላፊው በራሱ እጅ የሚቀዳው ለሚሾም ሰው አይደለም፤ ቤርታላን ይህን ስለሚያውቅ ስኳሩን እያማሰለ መጨረሻውን ጠበቀ። «ደክሞሃል» አለው ቬሬቤይ። «ኧረ አልደከመኝም።» «ደክሞሃል እያልኩህ እኮ ነው።» ከዚያ በኋላ ስለ ድካሙ አልተከራከሩም። አምባሳደር ሆኖ ሩቅ አገር፣ ኡላንባታር ይሄዳል፤ ሹመቱ ሰኞ ይነገራል፤ ደመወዙም፣ ኮረብታው ላይ ያለው ቤቱም አይነኩበትም። አንድ ነገር ብቻ፤ እስከ ሰኞ ድረስ በምክትል ሚኒስትርነቱ አንዲት ወረቀት እንዳይፈርም፣ ማንንም እንዳያዝ፣ ከማንም ምንም እንዳይጠይቅ። ከጠየቀ ግን ኡላንባታርም የለም፤ ጡረታና ከተማው ዳር ሁለት ክፍል ቤት ነው የሚጠብቀው። ቤርታላን ሰው ሲሾም እንደሚያመሰግነው አመስግኖ ወጣ፤ ቤቱ ሲደርስ ራሴን አሞኛል አለና ቦሎቄ ሊፈለፍል ተቀመጠ።

ስሙ ጋዜጣው ላይ እንዴት እንደወጣ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። ወጣት ሳለ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለውን ዝርዝር ያዘጋጅ የነበረው እሱ ራሱ ነው። ዝርዝሩ በሥልጣን ቅደም ተከተል ተደርድሮ እኩለ ቀን ላይ ነው የሚያልቀው፤ አውሮፕላኑ ገና ነዳጅ ሳይሞላ እነማን እጃቸውን እንዳውለበለቡ ማተሚያ ቤቱ ያውቃል። አንድ ጊዜማ ጠዋት የሞተ ሰው ማታ እንግዳ እንዲሸኝ አድርጓል፤ ቅሬታ ያቀረበ አልነበረም። ትናንትም ዝርዝሩ የተላከው እሱ ከመጠራቱ በፊት መሆን አለበት። ከላዩ የነበሩት ሁለት ሰዎች ባላተን ሐይቅ ለዕረፍት ስለሄዱ ከአምስተኛ ወደ ሦስተኛ ከፍ ብሏል። ባገለገለበት ዘመን ሁሉ ከአምስተኛ አልፎ የማያውቅ ሰው፣ በተነሳ ማግስት ሦስተኛ ሆኖ አደረ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቬሬቤይ ደወለ።

«ይሄ ያንተ ሥራ ነው?»

«እኔ ማታ ቤቴ ነበርኩ።»

«አልነበርክም። ጋዜጣው አየር ማረፊያ ነበርክ ካለ ነበርክ። እርማት አናወጣም፤ አውጥተንም አናውቅ። ሰው ከጠየቀህ ነፋስ ነበር በል።»

«ነበር እንዴ ነፋስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አየር ማረፊያ ሁሌም ይነፍሳል። ግን ስማኝ ቤርታላን፣ ነበርክ ማለት ነበርክ ማለት ብቻ ነው። ተጠቀምበት ማለት አይደለም።»

ቀኑ ደግሞ የቤርታላኖች የስም ቀን፣ ቤርታላን የሚባል ሁሉ የሚከበርበት ቀን ነበር። እዚያ ከተማ የልደት ቀን የራስ ጉዳይ ነው፤ የስም ቀን ግን የሁሉም ነው። ቀን መቁጠሪያው ላይ ስለተጻፈ ረሳሁት ማለት አይቻልም፤ ጥሪም አይላክም፤ የመጣ ይመጣል፣ የቀረ ይቀራል። ስለዚህ አንድን ሰው ምን ያህል እንደሚፈሩት ለማወቅ በስም ቀኑ ቤቱ ደጃፍ የቆሙትን መኪኖች ማየት ይበቃል። አምና አሥራ አራት ሰው መጥቶ ነበር፤ ቫሌሪያ ከአንድ ወር በላይ ስለ አሥራ አምስተኛው ስታስብ ከረመች። ዘንድሮ ቤርታላን አንድም ሰው ባይመጣ ይመርጥ ነበር፤ ስልኩ ግን ከቁርስ ጀምሮ አላረፈም። ኮረብታው ሥር ያለችው አበባ ሻጭም ጋዜጣ ታነባለች መሰለኝ፣ አንዷን ካርኔሽን ከሁለት ፎሪንት ወደ ሦስት ተኩል የሰቀለችው በዚያው ጠዋት ነው።

ወንድሙ አምብሩሽና የአምብሩሽ ልጅ ቦርባላ ከእንግዶቹ ሁሉ ቀድመው፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ በጓሮ በኩል መጡ። ቤርታላን ያወቀው ከሥራ ክፍሉ ሆኖ የሚስቱን ድምፅ ሲሰማ ነው።

«እንዳይከፋህ አምብሩሽ፣ ዛሬ የሚመጡት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። እዚሁ ወጥ ቤት ብትቀመጥ ይሻልሃል፤ ነፋሻም ነው። ቦርባላዬ፣ አንቺ ደግሞ ይቺን ሽርጥ ልበሺና ሳህን አቀብዪልኝ። መቼም እጅሽ ሥራ ለምዷል።»

«እዚህ ደህና ነው» አለ የወንድሙ ድምፅ።

ደህና አልነበረም። አምብሩሽ ድሮ በትውልድ መንደራቸው የተፈጥሮ ሳይንስ መምህር ነበር። በመንግሥት ላይ በተነሳው በሃምሳ ስድስቱ ግርግር ጊዜ ተማሪዎቹ የጻፉትን የጥያቄ ወረቀት ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቆሞ አነበበ፤ ለዚያች ሩብ ሰዓት ንባብ ሁለት ዓመት ታሰረ፤ ከዚያ ወዲህ በገበሬ ማኅበሩ የወይን እርሻ በርሜል ያጥባል። ቦርባላ አንድ ልጁ ናት። ሐኪም መሆን ነበር የምትፈልገው። የመግቢያ ፈተናው ከሃያ ነው፤ ማለፊያው አሥራ ሰባት ሲሆን እሷ አሥራ ዘጠኝ አመጣች፤ «በቦታ እጥረት ምክንያት አልተቀበልንሽም» የሚል ወረቀት ደረሳት። ዘንድሮ እንደገና ተፈትና እንደገና አሥራ ዘጠኝ አመጣች፤ የቦታ እጥረቱም እንደገና መጣ። አሁን ሆስፒታል የበሽተኛ ሰገራ ዕቃ ታጥባለች።

ቤርታላን ወደ ወጥ ቤቱ ሄደ። ወንድማማቾቹ ከተያዩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አምብሩሽ በብቸኛ ሙሉ ልብሱ፣ ጉልበቱ ላይ የማር ጠርሙስ ይዞ፣ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

«እግዜር ያኑርህ ቤርጺ» አለው ተነስቶ፣ በልጅነት ስሙ።

«አብሮ ያኑረን። ቁጭ በል እንጂ።»

«ለምን እንደመጣሁ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ሰኞ የይግባኙ ዝርዝር ይለጠፋል። የመጨረሻ ነው፤ ሦስተኛ መሞከር አይፈቀድም።» አምብሩሽ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ፎርሙ ላይ አባት የሚለው ቦታ ላይ ታስሯል ተብሎ ከተጻፈ ማን ያስገባታል? ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗን ማየት አቅቶኛል። ማታ ደክሟት ስትመጣ፣ ያንን እጇን ሳየው፣ ያን ቀን ምናለ አፌ በተዘጋ እላለሁ።»

«አባቴ፣ በቃ ተው» አለች ቦርባላ ከጀርባቸው ዳቦ እየቆረጠች። «አጎቴ፣ ይሄ ቢላዋ አይቆርጥም፤ ሌላ የለም?»

ቤርታላን ቢላዋ ፈልጎ ሰጣት። ከሥልጣን መውረዱን ለወንድሙ ሊነግረው ፈልጎ ነበር፤ ቫሌሪያ ግን ቆማ እንቁላል ትልጣለች። «ላስብበት» አለ። በሱ ሙያ «ላስብበት» ማለት አይሆንም ማለት ነው፤ አምብሩሽ ግን ዲፕሎማት ስላልሆነ በተስፋ ራሱን ነቀነቀ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ መጀመሪያ ስትቀር፣ አምብሩሽ ደብዳቤ ጽፎለት ነበር። ቤርታላን የመለሰው በሁለት መስመር ነው፤ ለዘመድ አማላጅ መሆን ከአቋሜ ጋር አይሄድም የሚል። በመልሱ ኮርቶም ነበር፤ በሁለት ስብሰባ ላይ ምሳሌ አድርጎ ጠቅሶታል። እውነቱን ለመናገር ግን የቤርታላን አቋም ብዙ ጊዜ ዝም ማለት ነበር፤ ትልቅ ሰው ያደረገውም እሱው ነው። በሃምሳ ስድስት ወንድሙ ወረቀት ሲያነብ እሱ የሳንባ ማገገሚያ ቤት ተኝቶ ነበር፤ የሳንባው ፎቶ ንጹሕ ነው፣ መዝገቡም እንዲሁ። ወንድሙ ሲታሰር ዝም አለ፤ በሦስተኛው ወር ቆንስላ ሆነ። አለቃው ሲባረር ዝም አለ፤ የአለቃውን ወንበር ያዘ። በየዋና ከተማው በምሳ ግብዣ ላይ አስተዋይ ሰው ተባለ። እንዲህ እያለ ነው እስከ አምስተኛ ደረጃ የደረሰው።

ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ መኪኖቹ ኮረብታውን ሞሉት። አሥራ አራት የለ፣ ሃያ የለ፤ አርባ የሚሆን ሰው ሳሎኑንና በረንዳውን አጨናነቀው። ሁሉም ጨብጠውት የሚሉት አንድ ነው፤ «እግዜር ያኑርዎት!» ዓመቱን ሙሉ እግዜር የለም እያሉ የሚያስተምሩ ሰዎች፣ በስም ቀን ሌላ የሚባል ነገር ስለሌለ ብቻ፣ ተራ በተራ ለእግዜር አደራ ሰጡት። ቫሌሪያ ፊቷ በርቷል። ሳህን የያዘችው ቦርባላ በሰው መሃል እየተሹለከለከች ፖጋቻ የሚባለውን ትንንሽ ጨዋማ ዳቦና የሳላሚ ቋሊማውን ታዞራለች፤ ማን እንደሆነች የጠየቀ የለም። አንድ ወፍራም ኮሎኔል የቤርታላንን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ «ትናንት አየር ማረፊያ ከሩቅ አየሁዎት፤ ያ ነፋስ ኮትዎን ሲያውለበልበው! በረደዎት አይደል?» አለው።

«ትንሽ በረደኝ» አለ ቤርታላን። ሙቀቱ ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ቬሬቤይ ራሱ ኮኛክ ይዞ መጣ። «ከእኛ ቤት ማንም ባይመጣ ሰው ይጠይቃል» አለው ጆሮው ሥር፣ «ፈገግ በል።» ብርጭቆውን ይዞም ከበረንዳው በር አጠገብ ቆመ፤ ከዚያ ሆኖ ሁሉንም ያያል፣ ሁሉንም ይሰማል።

ከዚያ የሕክምና ፋኩልቲው ዲን ፕሮፌሰር ቦድሮጊ መጣ። ቤርታላን በስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ አይቶታል እንጂ ቤቱ መጥቶ አያውቅም። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ክራባቱን በሙቀት የማያላላ ሰው ነው። በረንዳው ላይ ከዋልነት ዛፉ ጥላ ሥር ቆመው ስለ አየሩ ሲያወሩ ቦርባላ መጣችና ሳህኑን ዘረጋችለት። ዲኑ ፊቷን ሳያይ ሁለት ፖጋቻ አነሳ። ቤርታላን ያየው እጇን ነው። ሃያ ዓመት የሞላት ልጅ እጅ አይመስልም፤ በሶዳ ተልጦ ቀልቷል፣ ጥፍሮቿ ዙሪያ ተሰነጣጥቋል። በመስኮቱ በኩል ደግሞ ወንድሙ ወጥ ቤት ጥግ፣ ማሩን አሁንም ይዞ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ተቀምጧል። ማሩን የተቀበለው ሰው የለም።

«ጓድ ምክትል ሚኒስትር» አለ ዲኑ አፉን እየጠረገ፣ «በምን ልታዘዝ? እኔ መቼም ለእርስዎ ደስ እያለኝ ነው።»

ሁለት እርምጃ ርቆ የቆመው ቬሬቤይ ዞር አለ። ቤርታላን ቤቱን አሰበ፤ ከተማ ዳር ያሉትን ሁለት ክፍሎችም አሰበ፤ ቫሌሪያን በሁለት ክፍል ውስጥ ሊያስባት ግን አልቻለም። ፈራ። ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር።

«ያቺን ልጅ አዩዋት?» አለ። ድምፁ ከፈለገው በላይ ጮኸ። «የወንድሜ ልጅ ናት። ሲክሳይ ቦርባላ ትባላለች። ሁለት ጊዜ ፈተናችሁን አልፋ ሁለት ጊዜ አስቀርታችኋታል። ሰኞ ስሟ ዝርዝሩ ላይ እንዲገባ እጠይቃለሁ።»

ቬሬቤይ ብርጭቆውን የበረንዳው ግንብ ላይ አስቀመጠ። ቤርታላን ከዲኑ የጠበቀው ማመንታት ነበር፤ ሕግ የሚለውን፣ ኮሚቴ የሚለውን ነገር። የዲኑ ፊት ግን በራ፤ ትልቅ ሸክም የወረደለት ሰው መሰለ።

«እንዴ!» አለ። «ለካ ይፈልጓታል?»

«እንዴት?»

«ጓድ ምክትል ሚኒስትር፣ ምናለ ያኔ አንዲት ቃል ቢሉን! እኛ እኮ ስንጠብቅ ነበር። ሲክሳይ የሚባል ሌላ ቤተሰብ በአገሩ የለም፤ ፎርሟ እንደመጣ የእርስዎ ዘመድ መሆኗን አወቅን። ያውም አሥራ ዘጠኝ ያመጣች ልጅ! ስልክ እስኪደውሉ ሦስት ሳምንት ጠበቅን። አልደወሉም። ኮሚቴው ላይ እኔው ነኝ ያስረዳሁት፤ የገዛ ወንድሙ ልጅ ሆና ካልደወለ፣ እንድትገባ አይፈልግም ማለት ነው፤ የማናውቀው ምክንያት ይኖረዋል፤ እናክብርለት አልኩ። ሰረዝናት። ሁለተኛ ስትመጣም እንደዚያው፤ እንደገና አልደወሉም። እንዴት ያለ ጽኑ ሰው ነው እያልን እናደንቅዎት ነበር።»

«አባቷ መታሰሩስ?» አለ ቤርታላን ቀስ ብሎ።

«ታስሮ ነበር እንዴ?» አለ ዲኑ። «ያን ያህል ወደ ታች አላነበብነውም።» ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ስሟን ጻፈና ሁለት ጊዜ አሰመረበት። «አለቀ። ሰኞ ትገባለች። ከእንግዲህ ግን እባክዎን በግልጽ ይንገሩን፤ እኛ ትእዛዝዎን መገመት ከባድ ይሆንብናል።»

ዲኑ ሌላ ፖጋቻ ፍለጋ ሲሄድ ቬሬቤይ ተጠግቶ ቤርታላንን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ላየው ሰው መልካም ምኞት ይመስላል። «ኡላንባታር ብርድ ነው» አለው በፈገግታ። «ተረፍክ። ሰኞ ጡረታህን እንጽፋለን።» ቤርታላን ደንግጦ የሚሞት መስሎት ነበር፤ የሰማው ነገር ግን ከላዩ አለፈ። ልቡ ያለው ዲኑ ያለው ላይ ነው። ሁለት ዓመት በሙሉ አቋም ነው ብሎ በሰው ፊት የኮራበት ዝምታ፣ እዚያ ኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ የልጅቷን ስም የሚሰርዝ ፊርማ ሆኖ ኖሯል። ጨክን ቢሉት እንኳ ይህን ያህል አይጨክንም ነበር።

ወጥ ቤት ሲገባ አምብሩሽ ተነሳ። ቤርታላን በሩን ገፋ አደረገው።

«ገብታለች» አለ። «ዲኑ ጻፋት። ሰኞ ትለጠፋለች።»

አምብሩሽ የማር ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳው፣ መልሶ አስቀመጠው፤ ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እኔ አበላሸኋት፣ አንተ አዳንካት» አለ ከመዳፉ ሥር። «እድሜ ይስጥህ ወንድሜ። በእኔ እስር…»

«አምብሩሽ፣ ስማኝ። በአንተ አይደለም።» ቤርታላን እጁን ይዞ ከፊቱ ላይ አነሳው። «አንተን ማንም አላነሳህም። ፎርሙን እንኳ አላነበቡትም። ስሟን ዓይተው እኔ እስክደውል ጠበቁ፤ አልደወልኩም፤ አትግባ ማለቴ መሰላቸውና ሰረዟት። ሁለቱንም ጊዜ። ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ገባህ? አንተ ምንም አላደረግክም።»

አምብሩሽ እንባ ባቀረረ ዓይኑ አየው። ከዚያ ፈገግ አለ፤ የልጅነት ፈገግታው ነበር።

«አይ ቤርጺ! መቼም ዲፕሎማት ነህ። እኔን ለማጽናናት ብለህ በራስህ ላይ ትዋሻለህ?»

«እውነቴን ነው።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለ አምብሩሽ ጀርባውን እየደበደበ፣ አቅፎ ወደ ደረቱ እያስጠጋው። «እንዲህ ያለ ወንድም እያለኝ ነው ሁለት ዓመት የተቀየምኩት! ይቅር በለኝ።» ቤርታላን በዕድሜው ሙሉ ያወራው ሁሉ ሲታመንለት ኖሮ፣ ይቺ አንዷ ላይ የሚያምነው ጠፋ።

በወንድሙ ትከሻ ላይ አሻግሮ ሲያይ ቦርባላ በሩን ገፍታ ገብታለች። ባዶ ሳህን ይዛለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላወቀም፤ ፊቷን ሲያየው ግን ሁሉንም እንደሰማች፣ ከሰማችው ውስጥም አንዷን ቃል እንዳልተጠራጠረች አወቀ። አላለቀሰችም። ሳህኑን አስቀመጠች፣ ሽርጡን ከወገቧ ፈታች፣ አጥፋ ወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖረችው።

«አባቴ፣ ተነስ እንሂድ፤ ባቡሩ ያመልጠናል» አለች። አባቷን ከእቅፉ ቀስ ብላ አላቀቀችው፣ ኮሌታውን አስተካከለችለት፣ ኮፍያውን ሰጠችው። ወደ ጓሮው በር ሲደርሱ እሷ ብቻ ዞረችና ለቤርታላን እጇን ዘረጋችለት። ጨበጣት፤ እጇ ሻካራ ነው።

«ስለ ጠየቁልኝ አመሰግናለሁ» አለችው፣ «ጓድ ምክትል ሚኒስትር።»